«ዌይት»፣ «ኤክስፔክት» እና የእኛ «ጠበቀ»



ወጣቶቻችን ለሥራ ወይም ለነጻ የትምህርት ዕድል በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ሲጽፉ ደብዳቤውን «መልስዎን እጠብቃለሁ» በሚል ሐሳብ መዝጋት ይወዳሉ። በአማርኛ ይህ ማንንም የማያስከፋ፣ ትሕትና ያለበት መዝጊያ ነው። ችግሩ የሚመጣው ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ነው። አመልካቹ «ዌይት» ብሎ ከጻፈ፣ ተቀባዩ በር ላይ ቆሞ የሚያጣድፈው ሰው ያለ ይመስለዋል። «ኤክስፔክት» ካለ ይብሳል፤ «መልስ መስጠት ግዴታህ ነው» የተባለ ያህል ይሰማዋል። በዚህ ቦታ የቋንቋው ባለቤቶች የሚጽፉት «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» የሚለውን ነው፤ የሚመጣውን ነገር በደስታና በጉጉት መጠበቅን ያሳያልና። ከ«ቱ» ቀጥሎም «ሂር» ሳይሆን «ሂሪንግ» ይላሉ። በትምህርቱ የተመሰገነ ወጣት በአንድ ግስ የተነሣ ትዕቢተኛ መስሎ መታየቱ ያሳዝነኛል፤ ዛሬ ስለነዚህ ቃላት ልናገር የመጣሁትም ስለዚህ ነው።

«ዌይት» ቆይታን ይናገራል። ሰውዬው ሌላውን ሥራ ትቶ፣ ጊዜው እያለፈ፣ አንድ ነገር እስኪሆን ይቆያል። «ኤክስፔክት» ግን ቆይታ አይጠይቅም፤ «ይህ ይሆናል» ብሎ በምክንያት ማሰብ ይበቃዋል። አውቶቡስ በ2 ሰዓት ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡናውን እየጠጣ «ኤክስፔክት» ያደርጋል፤ «ዌይት» የሚያደርገው ፌርማታው ላይ ሲደርስ ነው። አይመጣም ብሎ ተስፋ ቆርጦም እንኳ እግሩ አልነቃነቅ ብሎት የሚቆም ሰው አለ፤ ለእርሱ የቀረለት ቃል «ዌይት» ብቻ ነው። ሳሙኤል ቤኬት በፈረንሳይኛ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1953 ፓሪስ ላይ መድረክ ያየውን ተውኔት ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው፣ በርእሱ ላይ ያኖረው ይህንኑ ቃል ነው። ሁለት ሰዎች ጎዶ የሚባል ሰው ይጠብቃሉ፤ ጎዶ ግን አይመጣም።

«ሆፕ» ደግሞ ምክንያት አይጠየቅም፤ መመኘት ይበቃዋል። ደግሞም የሚመኘው በጎውን ነው። «ኤክስፔክት» ለክፉም ይሆናል፤ ሐኪሙ ሕመሙ እንደሚጠና «ኤክስፔክት» ሲያደርግ፣ አልጋው አጠገብ የተቀመጠችው እናት ልጇ እንደሚድን «ሆፕ» ታደርጋለች። ሁለቱም የሚያዩት አንድ በሽተኛ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልትይዙልኝ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1805 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በስፔን ጠረፍ፣ በትራፋልጋር አጠገብ ከፈረንሳይና ከስፔን መርከቦች ጋር ሊገጥም ተቃርቧል። አድሚራል ኔልሰን ለሠራዊቱ በሰንደቅ ምልክት መልእክት ሊያስተላልፍ ፈለገ፤ እያንዳንዱ ሰው ግዴታውን እንደሚፈጽም እምነት አለን የሚል። የመረጠው ግስ «ኮንፋይድ» ነበር፤ በዚያ ዘመን በሙሉ ልብ መተማመን ማለት ነው። የምልክት መኮንኑ ፓስኮ ግን ቃሉን በ«ኤክስፔክት» እንዲለውጥ ፈቃድ ጠየቀ። «ኤክስፔክት» በምልክት መዝገቡ ውስጥ የራሱ ምልክት ስላለው ባንድ ጊዜ ይሰቀላል፤ «ኮንፋይድ» ግን ፊደል በፊደል መዘርዘር ነበረበት። ኔልሰን ፈቀደ። በዚያ ለውጥ የመልእክቱ ጠባይ ተለወጠ። እንደ ባልንጀራ «እናምናችኋለን» ይል የነበረው ቃል፣ እንደ አለቃ «ግዴታችሁን እንድትፈጽሙ ትጠየቃላችሁ» አለ። በጦርነቱ እንግሊዞች አሸነፉ፤ ኔልሰን በዚያው ዕለት ሞተ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው መልእክትም ሁለተኛው፣ የአለቃው ቃል ነው።

እንግዲህ «ኤክስፔክት» ሰውን ሲመለከት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አሠሪ ለሠራተኛ፣ አስተማሪ ለተማሪ፣ አባት ለልጅ ሊለው ይችላል። ከታች ወደ ላይ ሲነገር ድፍረት ይሆናል፤ የአመልካቹ ደብዳቤ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ስል አማርኛ ድሃ ነው፣ ለሁለት ነገር አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው የሚል አይጠፋም። አልስማማም። «ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጠበቃል» እንላለን፤ ትንበያ ነው። «ሠራተኛው በሰዓቱ መገኘት ይጠበቅበታል» ስንል ግን ግዴታ ሆነ፤ ልዩነቱን ያመጣችው «በ» ናት። «ልጄን እጠብቃለሁ» እና «ከልጄ ብዙ እጠብቃለሁ» ደግሞ በ«ከ» ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው «ዌይት»፣ ሁለተኛው «ኤክስፔክት» ነው። እንግሊዝኛ ግስ ለውጦ የሚለየውን እኛ በአገባብ እንለየዋለን። «ይጠበቃል» እና «ይጠበቅበታል» የተባሉትን እንግሊዝኛ በአንድ «ኤክስፔክትድ» ስለሚገልጻቸው፣ በዚህ በኩል የእኛው ይበልጥ ጥርት ያለ ነው እላለሁ።

«ዌይት» ራሱም ከእኛው ቃል ጋር መንገዱ ይገናኛል። ከኖርማኖች ፈረንሳይኛ ሲወረስ ትርጉሙ ነቅቶ ማየት፣ ዘብ መቆም ነበር። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ ከተሞች ሌሊት የሚዞሩ ዘበኞች «ዌይትስ» ይባሉ ነበር። የእኛም «ጠበቀ» ዘብ ጠባቂውንም ባለጉዳዩንም ይዞ ዛሬ ድረስ ይኖራል። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እኛ «ጠብቀኝ» ስንል ተሳቢው በቀጥታ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ዌይት» ያለ «ፎር» ሰውን አይነካም። ተማሪዎቻችን «ዌይት ሚ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ይማራሉ። «ኤክስፔክት»ን ስታስተምሩ «መጠበቅ» ብላችሁ አትለፉት። «ከ… መጠበቅ» እና «ይጠበቅበታል» ብላችሁ ጻፉላቸው፤ ከዚያም ቃሉን ማን ለማን ሊለው እንደሚችል ጠይቋቸው። መማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁም ይህንኑ በቃላት መፍቻው ውስጥ አስገቡልን።