የንግድ መረጃ ጥቅሙ ሲሠራበት ነው



የእህል ነጋዴ በገበያ ቀን ማለዳ ከገጠር የሚመጣውን መንገደኛ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዝናሙ፥ ስለ መንገዱና ስለ አውድማው ነው። ይህንንም የሚያደርገው ወሬ ስለሚወድ አይደለም፤ ዛሬ ልሽጥ ወይስ ላቆይ የሚለውን ሐሳብ ለመቁረጥ ነው እንጂ። ታላላቅ ኩባንያዎች ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሰበስቡትና የሚመረምሩት የንግድ መረጃም፥ ብዛቱ ይለያይ እንጂ ዓላማው ከዚህ የራቀ አይደለም።

በ1958 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐንስ ፔተር ሉን የተባለ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ተመራማሪ ስለ ንግድ መረጃ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ሐሳቡም፥ ወደ ድርጅቱ የሚገባውን ጽሑፍ ሁሉ መሣሪያ አሳጥሮ፥ ለእያንዳንዱ የሥራ ክፍል የሚያስፈልገውን ለይቶ እንዲያደርስለት ነው። ልብ በሉ፤ ሉን ያሰበው መረጃው እንዲከማች ሳይሆን ሊሠራበት ከሚችለው ሰው እጅ እንዲገባ ነው።

ይሁን እንጂ መረጃው ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ መድረሱ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ የተቋቋመው የኮዳክ ኩባንያ ነው። በ1975 ዓ.ም. ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኩባንያው ወጣት መሐንዲስ ያለ ፊልም ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሰኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓኑ ሶኒ ፊልም የማይሻ ካሜራ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፥ የኮዳክ የገበያ ጥናት ክፍል ነገሩን አጥብቆ መረመረ። አዲሱ ዘዴ አንድ ቀን ፊልምን ሊተካ እንደሚችል፥ ኩባንያው ግን ለመዘጋጀት ዐሥር ዓመት ያህል ጊዜ እንዳለው ለአለቆቹ አስረዳ።

እንግዲህ ኮዳክ አላወቀም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ትርፉ የሚመጣው ከፊልም ሽያጭ ነበርና፥ ያን የዝግጅት ዘመን በአመዛኙ ፊልሙን ለማሻሻል አዋለው። በኋላም በአዲሱ ዘዴ ብዙ ገንዘብ ቢያወጣ ጊዜው አልፎበት ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከአበዳሪዎቹ ይጠበቅ ዘንድ በኪሳራ ሕግ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለምን?

ተወዳዳሪው የጃፓኑ ፉጂ ፊልም የገጠመውም ያው ፈተና ነው። እርሱ ግን ፊልም በመሥራት ያገኘው ዕውቀት ለምን ሌላ ሥራ እንደሚረዳ መረመረ። ለፊልም የሚያገለግለው ኮላጅን በሰው ቆዳም የሚገኝ ነውና፥ በ2007 ዓ.ም. የፊት ቅባት ለገበያ አቀረበ፤ ለቴሌቪዥንና ለኮምፒዩተር መስተዋት የሚሆን ስስ ፊልምም አስፋፋ። ሁለቱ ኩባንያዎች ያዩት አንድ ደመና ነው፤ ልዩነቱ ጣራውን ቀድሞ በመክደኑ ላይ ነው።

እናንተም በኩባንያም ሆነ በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ሁሉ፥ ከዚህ ሦስት ነገር ልትወስዱ ትችላላችሁ። አንደኛ፥ ሪፖርት ከመታዘዙ በፊት የሚወሰነው ጉዳይ ተለይቶ ይታወቅ። ሁለተኛ፥ ውሳኔውን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነና እስከ መቼ እንደሚሰጥ በሪፖርቱ ራስ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ደስ የማያሰኝ ቁጥር ይዞ የመጣ ሠራተኛ አይገሠጽ፤ እርሱ ከተገሠጸ በሚቀጥለው ወር የሚቀርበው ሪፖርት ያማረ እንጂ እውነተኛ አይሆንም።

ያ የእህል ነጋዴ ከመንገደኛው የሰማውን ሳይሠራበት ቢውል፥ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ምንም እንዳልሰማ ሰው ሁኖ ነው።