የዓባይ ገደል ድንጋይ



ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንጓዝ ደጋው ያልቅና መንገዱ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የገደሉ ድንጋይ እንደ ሞሰብ እንጀራ ተደራርቧል። ቀድሞ የተጋገረው ከታች ነው አይደል? ድንጋዩም እንዲሁ ነው።

ከታች ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የተከማቸ አሸዋ ተጭኖ ጠነከረ። ቀጥሎ ባሕር መጣና ጀሶና የኖራ ድንጋይ ትቶ ሄደ። የቤታችን ሲሚንቶም የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው። የላዩ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ከመሬት የፈሰሰ ነው።

በክረምት ውሃ በንብርብሩ መሐል ይሰርጋል፤ ዳገቱም ይንሸራተታል። እንግዲህ ስትጓዙ «ናዳ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አንብቡት፤ ላላነበበውም ንገሩት። ደኅና እደሩ!