ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነውን?

(በየቡ ከተማ ለክረምት ዕረፍት ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችን የቀረበው ጉዳይ አጭር ነው። የክረምቱ ቡድናችን ሦስት ጊዜ ተጫውቶ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ተሸነፈ፥ «አሠልጣኙ ይነሡ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እጅ ከማውጣታችን በፊት ጥቂት እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ እዚህ የሉም፤ እንዲመጡ የጠራቸውም ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ንግግሬን ከራሳችን ቡድን ብጀምር፥ ሁላችሁም ወገን ለይታችሁ ስለ ተቀመጣችሁ የሚሰማኝ አይኖርም። ስለዚህ አብረን የጨፈርንበትንና አብረን አንገታችንን የደፋንበትን የጅማ አባ ጅፋርን ታሪክ ላንሣ።

እንደምታስታውሱት በ2009 ዓ.ም. ጅማ አባ ቡና ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ፥ በዚያው ዓመት ሌላው የጅማ ቡድን ወደ ላይ ወጣ። የያዘውም ስም ቀላል ስም አልነበረም፤ ጂሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ የሚታየው የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ስም ነው። ይህ አዲስ መጪ ቡድን በ2010 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ መሪነት፥ በፕሪሚየር ሊጉ ገና በመጀመሪያው ዓመት፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም የዓመቱ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። በየቡ በዚያን ቀን ቤቱ የቀረ ሰው ነበረ ብሎ የሚነግረኝ ቢኖር አላምነውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ቁልቁለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ቡድናችን በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ የጅቡቲን ቡድን አልፎ ከግብፁ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘ፤ በድምር ውጤት 2 ለ 1 ቢሸነፍም አላሳፈረንም። በአገር ውስጥ ግን ኃይሉ ደከመ። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሠረዘ። በ2013 ዓ.ም. ከወራጆቹ ጋር ጨርሶ፥ በጦርነቱ ምክንያት ያልተሳተፉት የትግራይ ክለቦች በለቀቁት ቦታ በተጨማሪ ውድድር ተረፈ። በ2014 ዓ.ም. ግን የሚያተርፈው አልተገኘምና ወረደ። ዋንጫ ካነሣ አራት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር።

በእነዚያ ዓመታት በየቡ ሻይ ቤቶች የነበረውን ክርክር አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ከዓሱር ሶላት በኋላ ይጀመራል፤ መብራት እስኪጠፋ ድረስ አያልቅም። ባጃጅ ነጂው፥ የቡና ነጋዴው፥ የእኛ ቢጤውም ተማሪ በአንድ ቃል «ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው» ይሉ ነበር። የሚያቀርቡትም ማስረጃ የሚናቅ አይደለም። ገብረመድኅን ኃይሌ ከጅማ ተነሥተው ወደ መቐለ ሄዱ፤ በማግሥቱ ዓመት በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታን ለዋንጫ አበቁ። እርሳቸው የሄዱበት ቡድን ወጣ፥ የተዉት ቡድን ወረደ። እንግዲህ አሠልጣኝ ሁሉ ነገር ነው ለማለት ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል? እኔም ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ፤ ብዙ ጊዜም ረትቼበታለሁ።

ዳሩ ግን አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። ከጅማ የሄዱት አሠልጣኙ ብቻ አልነበሩም፤ ዋንጫውን ካመጡት ተጫዋቾችም የሄዱ አሉ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከጎደለ፥ ቤቱን ያፈረሰው የትኛው ምሰሶ እንደ ሆነ በምን እናውቃለን? ከሩቅ አገር ምሳሌ ብፈልግ የእንግሊዙ ሌስተር ሲቲ አለ። በ2008 ዓ.ም. ዓለምን ሁሉ አስደንቆ በክላውዲዮ ራኒየሪ መሪነት ዋንጫ ወሰደ። በዘጠኝ ወሩ፥ በየካቲት 2009 ዓ.ም.፥ ራኒየሪ ተባረሩ። ነገር ግን በዚያ መካከል የመሐል ሜዳው ሞተር ንጎሎ ካንቴ ለቼልሲ ተሽጦ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደውም ቼልሲ ነው። ራኒየሪ በአንድ ክረምት ሥራቸውን ረሱት ከማለት፥ ካንቴ ሄደ ማለት አይቀልምን?

አሁን ደግሞ ከመሥመሩ ውጭ ያለውን እንመልከት። በአገራችን አብዛኛው ክለብ የሚኖረው ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ ከትኬትና ከማልያ ሽያጭ የሚያገኘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጀቱ ሲዘገይ ደመወዙ ይዘገያል። ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ልምምድ አቆመ የሚል ወሬ ከአንድ ከተማ ብቻ አልሰማንም፤ ጅማም ከዚህ ወሬ አልዳነችም። የተጫዋቾች ውል አጭር ስለ ሆነ ቡድን በየዓመቱ ፈርሶ በየዓመቱ ይሠራል። በዚህም ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ እንዲካሄድ ስለ ተደረገ፥ ጅማ በሜዳዋና በሕዝቧ ፊት የመጫወት ጥቅሟን አጣች። ተራው ደርሶ ሊጉ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም በመጣ ጊዜም ወረርሽኙ በሩን ዘግቶብን በቴሌቪዥን አየን። ሜዳው የእኛ፥ መቀመጫው ባዶ! ይህን ሁሉ ያደረገው አሠልጣኙ ነውን?

የብሔራዊ ቡድናችንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁ፤ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያም ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው ደጃፍ ደረሱ። በመካከሉ ቡድኑ ቦትስዋናን አሸንፎ ያገኘው ሦስት ነጥብ፥ በካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ስለ ተሰለፈ ተነጠቀ። ያ የወረቀት ሥራ ነበር፤ የመዝገብ ጉድለት። በዚያው በ2006 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የቻን ውድድር ቡድኑ ሦስት ጊዜ ተጫውቶ አንድም ግብ ሳያገባ ሲመለስ አሠልጣኙ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ ከፖርቱጋል ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ በ2007 ዓ.ም. ሄዱ። እኛም ሁለቱን ጊዜ አጨበጨብን፤ ሲመጡም፥ ሲሄዱም።

በሆላንድ ሊግ ላይ ምርመራ ያደረጉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት አንድ የሚያስገርም ነገር አግኝተዋል። አሠልጣኝ ያባረሩ ቡድኖች ከዚያ በኋላ ውጤታቸው ይሻሻላል፤ ነገር ግን እንደዚያው ወድቀው አሠልጣኛቸውን ያላባረሩትም በዚያው መጠን ይሻሻላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰውየው የሚባረረው ቡድኑ የመጨረሻው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ስለ ሆነ፥ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ላይ ብቻ ነው። እኛ ግን ምስጋናውን ለመጪው እንሰጣለን።

ይህን ስል አሠልጣኝ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። ወዳጁን የሚያሰልፍ አለ፤ ተጫዋቾቹን ሳያጠነክር ወደ ሜዳ የሚያስገባ አለ፤ 70 ደቂቃ እየመራ ቆይቶ ሰው መለወጥ የሚፈራም አለ። እንዲህ ያለው ይወቀስ። የሚያስቸግረው፥ ጥፋቱን ሳናይ ጥፋተኛውን ቀድመን ማግኘታችን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ቡድናችን ሊወርድ ሲቃረብ፥ እዚሁ የቡ ዲኤስቲቪ በሚታይበት አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ነበር። ግብ በገባብን ቁጥር ወንበር ላይ ቆሜ «ይባረር! ይባረር!» እያልሁ የምጮኸው እኔ ነበርሁ። አጠገቤ አንድ የመና ገበሬ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጩኸቴ ሲያልቅ፥ «ልጄ፥ ይህ ስንተኛው ነው?» አሉኝ። «ምኑ፥ አባባ?» አልኋቸው። «የምታባርሩት ሰው ነዋ» አሉኝ። በጣቴ መቍጠር ጀመርሁ። አንዱ ጓደኛዬ ሦስት አለ፥ ሌላው አምስት አለ፤ ስማቸውን እንኳ አሟልቶ የሚያውቅ አልተገኘም። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ቡና ሲበላሽ የምትታማው ያፈላችው ናት፤ ጭሱ ያለው እርሷ ዘንድ ነውና። ጀንፈሉን እርጥብ መሬት ላይ ያሰጣውን ማን ያየዋል?» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ጨዋታውንም እስከ መጨረሻው አላዩትም። እኔም ወንበሩን አልተውሁትም፤ ተቀምጬበት ቀረሁ እንጂ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቡድን ልመለስ። አሠልጣኛችን በበጋ አስተማሪ ናቸው፤ በክረምት ለእኛ የሚሰጡት ጊዜ አምስት ሳንቲም አይከፈልበትም። ያለን ኳስ አንድ ነው፤ እርሱም ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አራት ልምምድ ጠሩ፤ በሁለቱ ዝናብ ጣለና ከግማሻችን በላይ አልመጣንም። ግብ ጠባቂያችን በሁለተኛው ሳምንት ዘመዶቹ ዘንድ ጅማ ሄደ። በሦስተኛው ጨዋታ ሁለቱን አጥቂዎች ያስቀመጡት በእውነት ለምን እንደ ሆነ እኔም አልገባኝም፤ ይህ ጥያቄ ሊጠየቁበት የሚገባ ነው። ነገር ግን የሚጠየቅ ሰው መጠራት አለበት። በመንደራችን የከብት ጥፋት እንኳ የሚታየው ባለ ከብቱ ባለበት ነው።

ስለዚህ፥ ክቡር ሊቀ መንበር፥ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ድምፁ እስከ ሐሙስ ይቈይ። ዛሬ ማታ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ቤታቸው ሄደው በክብር ይጥሯቸው። ሐሙስ ቀን ስለ ሁለቱ አጥቂዎች፥ ስለ አሰላለፉም ይጠየቁ፤ መልሳቸው የማያጠግብ ከሆነ ይነሡ ብዬ አስቀድሜ እጄን የማወጣ እኔ እሆናለሁ። ቤታቸውን የማያውቅ ካለ እኔ አሳያለሁ። አብሬም የምሄደው ስለዚህ ነው፤ ከቀሩት ሁለት ልምምዶች አንዱ ላይ የቀረሁት እኔ ስለ ሆንሁ እርሱን ልነግራቸው ይገባኛል።