ሙጫ ወይስ ቋንቋ? የነርቭ ሕዋሳትን ስለሚያያይዙ ፕሮቲኖች



የዛሬው ንግግሬ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ያጠነጥናል። አንድ የነርቭ ሕዋስ በዙሪያው ካሉት እልፍ ሕዋሳት መካከል የሚገናኘውን በምን ይለያል? ከተገናኘ በኋላስ ግንኙነቱን የሚያጸናው ምንድን ነው?

በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። የሚገናኙበትን ስፍራ ሲናፕስ እንለዋለን። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1897 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን ነው። ሲናፕስ ግን በዚያን ዘመን በዓይን የታየ ሳይሆን በሐሳብ የተደረሰበት ነገር ነበር። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ የነርቭ ሥርዓት ያልተቋረጠ አንድ መረብ ነው ይል ነበር፤ ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል በአንጻሩ እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን የቻለ ነው ሲል ይሞግት ነበር። በ1906 የኖቤል ሽልማትን በጋራ ሲቀበሉም እንኳ አልተስማሙም። ክርክሩን የቋጨው በ1950ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በሁለቱ ሕዋሳት መካከል 20 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክፍተት ታየ፤ ካኻልም እውነቱን ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ መልስ ሌላ ጥያቄ ወለደ። በላኪው ሕዋስ በኩል የኬሚካል መልእክት የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ይከማቻሉ። በተቀባዩ በኩል ደግሞ፣ ልክ ከእነርሱ ትይዩ፣ መልእክቱን የሚቀበሉ ፕሮቲኖች ይደረደራሉ። ሁለቱ ወገኖች ሳይዋሐዱ እንዲህ ፊት ለፊት የሚገጥሙት እንዴት ነው?

የመልሱን አቅጣጫ ቀድሞ ያመላከተው አሜሪካዊው ሮጀር ስፔሪ ነው። ስፔሪ የእንቁራሪትን የዓይን ነርቭ ቆርጦ ዓይኗን 180 ዲግሪ አዞረው። ነርቩ ዳግም ሲያድግ ቃጫዎቹ ወደ ቀድሞ መድረሻቸው ተመለሱ። ስለዚህም ዝንብ ከላይ ሲታያት እንቁራሪቷ ወደ ታች ትወረወር ነበር፤ ልምድም ይህን አላረመላትም። ስፔሪ ከዚህ ተነሥቶ በ1963 እያንዳንዱ ሕዋስ ባልደረባው የሚያውቀው የኬሚካል መለያ አለው የሚለውን መላ ምት አቀረበ። መለያው ራሱ ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ከመለያዎቹ አንዱ የተገኘው ባልተጠበቀ መንገድ፣ በሸረሪት መርዝ በኩል ነው። ጥቁር መበለት የምትባለው ሸረሪት መርዝ የነርቭ ጫፎችን የያዙትን የኬሚካል መልእክት በአንድ ጊዜ ያስለቅቃቸዋል። የቶማስ ዙድሆፍ ቤተ ሙከራ ይህ መርዝ የሚጣበቅበትን ፕሮቲን ሲፈልግ በ1992 ኒውረክሲንን አገኘ። በ1995 ደግሞ ኒውረክሲን የሚጨብጠው ፕሮቲን ታወቀ፤ ስሙም ኒውሮሊጂን ተባለ።

ኒውረክሲን በዋናነት ከላኪው ሕዋስ ሽፋን፣ ኒውሮሊጂን ደግሞ ከተቀባዩ ሽፋን ላይ ይወጣሉ። በክፍተቱ ውስጥ በካልሲየም አጋዥነት ይጨባበጣሉ። በየሕዋሳቸው ውስጥ የቀረው ጫፋቸው ደግሞ የሲናፕስን መዋቅር ከሚያቆሙ ሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ይያያዛል። በመሆኑም ከውጭ የሚፈጸመው መያያዝ ከውስጥ ያለውን አሰላለፍ ሊመራ ይችላል።

ይህን በግልጽ ያሳየው በ2000 የታተመ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎች ነርቭ ያልሆነ ተራ ሕዋስ ኒውሮሊጂን እንዲሠራ አደረጉና ከነርቭ ሕዋሳት ጋር በአንድ ሳህን አሳደጉት። የነርቮቹ ቃጫዎች ይህን ባዕድ ሕዋስ በነኩበት ስፍራ ከረጢቶቻቸውን አከማችተው ለመላክ ተዘጋጁ። በ2004 ደግሞ ኒውረክሲን በተቀባዩ በኩል ተመሳሳይ ዝግጅት እንደሚቀሰቅስ ታየ። ብዙዎች «ሲናፕስን የሚሠራው እጅ ተገኘ» ብለው አሰቡ።

እዚህ ላይ ቆም እንድትሉ እሻለሁ። አንድ ነገር አንድን ውጤት ለማስገኘት መቻሉና ውጤቱ ያለ እርሱ አለመገኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2006 ሦስት የኒውሮሊጂን ዓይነቶች የሌሏቸው አይጦች ተፈጠሩ። አይጦቹ መተንፈስ ተስኗቸው እንደተወለዱ ሞቱ። አንጎላቸው ሲመረመር ግን የሲናፕሶቹ ቁጥር እምብዛም አልጎደለም ነበር። ሲናፕሶቹ አሉ፤ ነገር ግን መልእክትን በሚገባ አያስተላልፉም። በእኛ ወግ ብንመስለው፣ ኒውሮሊጂን የማጫው ሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ ትዳሩን የሚያጸናው ነው።

ማጫውስ የማን ሥራ ነው? የአንድ ፕሮቲን ብቻ አይመስልም። ካድሄሪንን የመሳሰሉ ሌሎች የማያያዣ ፕሮቲኖችም በሲናፕስ ላይ ይገኛሉ፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው በከፊል ሊተካው ይችላል። ኒውረክሲን ራሱ ከሦስት ዘረ መሎች ብቻ ቢመነጭም፣ መልእክታቸው በተለያየ መንገድ ተቆርጦ ስለሚቀጠል ከሺህ በላይ ዓይነት አለው። ኒውሮሊጂን 1 በአነቃቂ ሲናፕሶች፣ ኒውሮሊጂን 2 ደግሞ በአጋጅ ሲናፕሶች ላይ ያመዝናሉ። ስለዚህ እነዚህን ፕሮቲኖች ሙጫ ብቻ ማለት ያንስባቸዋል። ሙጫ ያገኘውን ሁሉ ያጣብቃል፤ እነዚህ ግን ይመርጣሉ፣ የተመረጠው ግንኙነት ምን ዓይነት እንደሚሆንም ይወስናሉ። ከሙጫ ይልቅ ለቋንቋ ይቀርባሉ።

ነገሩ ከቤተ ሙከራ አልፎ ቤተሰብን ይነካል። በ2003 በሁለት የስዊድን ቤተሰቦች ውስጥ ኦቲዝም ባለባቸው ወንድማማቾች የኒውሮሊጂን ዘረ መሎች ላይ ለውጥ ተገኘ። የኒውረክሲን 1 ዘረ መል ከፊል መጥፋትም ከኦቲዝምና ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ተያይዟል። እነዚህ ለውጦች የሚያስረዱት ጥቂት ታማሚዎችን ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ መናገር ሳይንሱን ማጋነን ይሆናል። ቢሆንም ትርጉማቸው ቀላል አይደለም። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በምዕራቡ ዓለም ስመ ጥር ሐኪሞች ሳይቀሩ ኦቲዝም ከእናት ፍቅር ማነስ ይመጣል ይሉ ነበር። በአገራችንም እርግማን ነው፣ ኃጢአት ነው እየተባሉ ልጆቻቸውን የሚደብቁ እናቶች አሉ። በ20 ናኖሜትር ክፍተት ውስጥ የተገኘው እውቀት ያን ፍርድ ለመሻር ይረዳል።

ሌላም ነገር አለ። ችግሩ ሲናፕስ ካለመፈጠሩ ሳይሆን የተፈጠረው በሚገባ ካለመሥራቱ የሚመነጭ ከሆነ፣ በር ሁሉ ከልደት በፊት ተዘግቷል ማለት አይቻልም። ይህ የምርምር አቅጣጫ እንጂ የፈውስ ተስፋ ቃል አይደለም፤ ለወላጆች ስትናገሩም ልዩነቱን ጠብቁ።

ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንድትይዙ እመኛለሁ። የ2000ው ሙከራ ስሕተት አልነበረም፤ የ2006ቱም አላፈረሰውም። የመጀመሪያው ፕሮቲኑ ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ሁለተኛው ያለ እርሱ ምን እንደሚጎድል ነገሩን። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ግማሹን እውነት ይዞ ይቀራል።