የደረቅ ፍራፍሬ ንግድና የባሕረ ሰላጤው ገበያ ደንብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ደረቅ ፍራፍሬን ወደ ዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ስለ ማስገባትና በዚያ ስላለው የቁጥጥር ደንብ ነው። ርእሱ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ኑሮ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከአገራችን ወደዚያ ገበያ ብዙ ጉልበት ሲሄድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። የሰው ጉልበት ከደረሰበት ገበያ የሰው ሥራ ውጤት እንዲደርስ መመኘት ተገቢ ነው፤ ምኞቱ ግን ደንቡን በማወቅ መደገፍ አለበት።

አሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ። ደንቡ የሚፈጸመው በወደብ ላይ ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን የሚፈጸመው ወይም የሚፈርሰው ፍሬው በሚሰጣበት ቦታ ነው።

ማድረቅ ለሕዝባችን አዲስ ጥበብ አይደለም። ቋንጣውን፣ ድርቆሹን፣ በርበሬውንና ጌሾውን በፀሐይና በነፋስ አድርቆ ሲያኖር ኖሯል። ደጋው የገብስ፣ የስንዴና የድንች አገር ስለሆነ፣ እንደ ማንጎ ያለ ፍራፍሬ የሚታሰበው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ነው። አዲስ የሚሆነው ማድረቁ ሳይሆን፣ በደንብ መድረቁን ለማያውቀን ሰው ማስረዳቱ ነው።

ይህም ቢሆን ለቤተ ልሔም አገር ልጅ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ድጓን በሌላ ደብር መማር ይቻላል፤ ሆኖም ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ያላስመሰከረ ሰው የድጓ መምህርነቱ ምሉእ ነው አይባልም። ተማሪው ያስተማሩትን ሰው ስም ጠርቶ አያልፍም፤ ዜማውን አሰምቶ፣ ታርሞ ይመሰከርለታል። ገበያውም የሚጠይቀን መልካም ስማችንን ሳይሆን የሚታይ ማስረጃ ነው።

ወደ ደንቡ ልለፍ። የባሕረ ሰላጤው ትብብር ምክር ቤት ስድስት አባል አገሮች፣ ይኸውም ሳዑዲ ዐረቢያ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ባሕሬንና ዖማን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የጉምሩክ ኅብረት መሥርተዋል፤ የጋራ የምግብ ደረጃዎችም አሏቸው። ቁጥጥሩን የሚፈጽመው ግን የየአገሩ መሥሪያ ቤት ነው። በሳዑዲ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ በዱባይ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ይመረምራል። ስለዚህ ለዱባይ የተፈቀደውን ለሪያድም ተፈቅዷል ብሎ መጫን አይገባም።

ዕቃውን የሚቀበለው በዚያው አገር የንግድ ፈቃድ ያለው አስመጪ ነው። በማሸጊያው ላይ የምርቱ ስም፣ የገቡበት ነገሮች በብዛታቸው ቅደም ተከተል፣ የተጣራ ክብደቱ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የተመረተበት አገር፣ የተመረተበትና የአገልግሎቱ ማብቂያ ቀን በዐረብኛ መነበብ አለባቸው። ቀኑ በማይለቅ ቀለም በማሸጊያው ላይ ይታተማል እንጂ በኋላ በተለጠፈ ወረቀት አይጨመርም። እዚህ ላይ አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ጥንቃቄ አለ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታተመ ቀን በዚያ ሲነበብ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ትናንት የታሸገው ፍሬ ጊዜው ያለፈበት መስሎ ይጣላል ማለት ነው። ከዕቃው ጋር የምርት መነሻ፣ የዕፀዋት ጤንነትና የምግብ ጤንነት የምስክር ወረቀቶች እንደየአገሩ ጥያቄ ይያያዛሉ። የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ እንኳ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት፣ ለምሳሌ እስከ ውስጡ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ30 ደቂቃ፣ የታከመና ምልክት ያለበት መሆን ይገባዋል።

ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለው ግን ፍሬው ነው። ቀለሙ እንዳይጠቁር በድኝ ጢስ ወይም በሰልፋይት የሚታከም ደረቅ ፍራፍሬ፣ በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ በኮዴክስ አጠቃላይ ወሰን መሠረት፣ በኪሎ ከ1000 ሚሊግራም በላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሊይዝ አይገባም። መጠኑ 10 ሚሊግራም ሲደርስም በማሸጊያው ላይ መገለጽ አለበት፤ አስም ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላልና። ሁለተኛው አደጋ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ነው። ኮዴክስ ለደረቅ በለስ የወሰነው ጣሪያ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህ መርዝ በማጠብም ሆነ በተራ ማብሰል አይጠፋም። መድኃኒቱ ቀድሞ መከላከል፣ ይኸውም ፍሬውን ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ አስጥቶ፣ ከጤዛና ከዝናብ ሸፍኖ፣ ባለሙያዎች በ0 እና በ1 መካከል የሚለኩት የነፃ ውሃ መጠን ከ0.70 በታች እስኪወርድ በፍጥነት ማድረቅ ነው። መሬት ላይ አንድ ሌሊት ጤዛ የመታውን ፍሬ በኋላ የሚመጣ ማኅተም አያድነውም።

ቸልታ ምን እንደሚያስከፍል አገራችን በሌሎች ምርቶች አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲና በየመን ሲነሣ፣ በኢትዮጵያ ወረርሽኙ ሳይመዘገብ የቁም ከብታችን ከአፍሪካ ቀንድ ጎረቤቶቻችን ጋር አብሮ ታገደ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጃፓን በቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ጥርጣሬው ያረፈው ግን በቡናው ሳይሆን በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ከመጀመሪያው የምንማረው ንጹሕ መሆን ብቻውን እንደማይበቃና ንጽሕናን የሚያስረዳ ማስረጃ በእጅ መኖር እንዳለበት ነው። ከሁለተኛው የምንማረው መልካም ምርት በመጥፎ ዕቃ ሊበላሽ እንደሚችል ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ጥያቄ እመጣለሁ። ጭነቱ ቢመለስ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? ከ10 ኪሎ ማንጎ የሚገኘው ደረቅ ምርት ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቅም። የላቦራቶሪ ምርመራ ዋጋ ደግሞ ለ50 ኪሎም ሆነ ለ5 ሺህ ኪሎ ምድብ ብዙ አይለያይም። ስለዚህ ብቻውን የቆመ ገበሬ ምርመራውን አይችለውም፤ ሳያስመረምር ከላከም የዓመት ድካሙን በአንድ ቀን ያጣል። ደንቡን ነጋዴው ብቻ አውቆት ኪሳራው ወደ ገበሬው የሚወርድ ከሆነ፣ ሥራው ከመጀመሪያው ፍትሕ የጎደለው ነው።

በመሆኑም ለማኅበራችን አባላት አራት ነገሮች አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አምራቾች በኅብረት ሥራ ተደራጅተው ምርታቸውን በአንድ መለኪያ ያድርቁ፤ የምርመራውንም ወጪ ይካፈሉ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ምድብ ቁጥር ይኑረው፤ ከማን ማሳ እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ተሰጣና እንደ ተነሣ በደብተር ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ማሸጊያ ከመታተሙ በፊት ጽሑፉ ለአስመጪው ተልኮ ይጽደቅ፤ ዕቃውም ከመጫኑ በፊት ይመርመር። አራተኛ፣ የመመለስ ኪሳራ እንዴት እንደሚከፈል በውል ይጻፍ፤ ውሉም ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት።

ይህ ሁሉ ከመሟላቱ በፊት በትንሽ ናሙና መጀመር እንጂ በኮንቴይነር መቸኮል አይበጅም። የሙያችን ድርሻም ሰነድ በማኅተም ማጽደቅ ብቻ አይደለም፤ ፍሬው ወደሚሰጣበት መደብ ወርደን፣ የደንቡን ምክንያት ለሚደክመው ሰው ማስረዳት ነው። ምክንያቱን ያወቀ ገበሬ ተቆጣጣሪ ባያየውም ጤዛው ሳይወርድ ፍሬውን ይሸፍናል።