የቤታችን የፍሳሽ ቱቦ ምን ያህል አስወጣን?

በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ለአባላት የሚጠቅም አንድ ነገር እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ፣ ሌሎቹ ተናጋሪዎች ስለ ባህልና ስለ ልጆች አስተዳደግ እንደሚናገሩ ስለምናውቅ፣ ስለ ፍሳሽ ቱቦ ማውራት አሳፍሮን ነበር። ንግግሩ ከምሳ በፊት እንዲሆን የለመንነውም እኛው ነን። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ቤት የገዛው ብዙ ነው፤ አብዛኞቻችን የገዛነውም አቅማችን የፈቀደልንን፣ ማለትም አሮጌውን ቤት ነው። "እኛ" ስንል ባልና ሚስቱን ማለታችን ነው። ታክሲ ነጂው ይናገራል፤ ሲሳሳት ደግሞ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ታርመዋለች።

ቤታችን እዚሁ ሲያትል ቢከን ሂል ላይ በ1951 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። በ2014 ስንገዛው ጣራውን አየን፣ መስኮቱን አየን፣ የማሞቂያውን ዕድሜ ጠየቅን። የቤት መርማሪው ሠላሳ ገጽ ጽፎ ሰጠን። ከመሬት በታች ስላለው ግን አንድም መስመር አልነበረበትም፤ እኛም አልጠየቅንም። ተራው የቤት ምርመራ ብዙውን ጊዜ የፍሳሽ ቱቦውን በካሜራ ማየትን እንደማይጨምር፣ ለዚህም ለብቻው መክፈል እንደሚያስፈልግ ያወቅነው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

በጥር 2023 የገና ዕለት፣ አርባ ያህል እንግዳ ቤታችን ሳለ፣ ቤዝመንቱ ወለል ላይ ካለው የውሃ መውረጃ ቆሻሻ ውሃ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ፎቅ ላይ ሽንት ቤት ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ታች ይጨምራል። ዶሮ ወጡ ገና አልቀረበም ነበር። የቤዝመንቱን በር ዘጋን፣ በሥሩ ፎጣ ወተፍን፣ እንደምንም በዓሉን አሳለፍን። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገርንም። ልጆቹን ለማጠብ ዘመድ ቤት እየወሰድን "ማሞቂያው ተበላሽቶ ነው" እንል ነበር። የቤት ገበና ነውና።

በማግሥቱ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ረጅም ሽቦ በሞተር እያሽከረከረ አስገብቶ ከፈተልንና 380 ዶላር ተቀበለ። ሽቦው ሲወጣ ጫፉ ላይ እንደ ጠጉር የቀጠነ የዛፍ ሥር ተጠምጥሞበት ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደገና ተደፈነ፤ ሌላ 380 ዶላር ከፈልን። በዚህኛው ጊዜ ከሠራተኛው ጋር ጫማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ አንድ ሰው መጣ። ካሜራ አስገቡ፣ ስክሪኑን ለአንድ ደቂቃ አሳዩን፤ ከዚያም ቱቦው ከቤቱ ጀምሮ መንገዱ መካከል እስካለው የከተማው ዋና መስመር ድረስ በሙሉ መቀየር አለበት፣ ዋጋውም 27,800 ዶላር ነው፣ ዛሬ ከተፈረመ ግን 2,000 ይቀነሳል አለን።

ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥን ታክሲ ነጂዎች ብዙ ነን፤ የቀረልን ነገር ቢኖር ሒሳብ አለመፍራት ነው። ከቤንዚንና ከታክሲው ወጪ በኋላ በቀን 150 ዶላር ይተርፈናል ብንል፣ ያ ሰውዬ የጠየቀን ምንም ሳንበላ የ185 ቀን ሥራ ነው። ብዕሩን ግን አንሥተን ነበር። ያስጣለችን አሁን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ናት፤ "ፊልሙን ስጠንና እናስብበት" አለችው። ፊልሙን መስጠት ደንባችን አይደለም አለ። በዚያች ቃል ነቃን።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ጀመርን። መጀመሪያ የጠየቅነው "ቱቦው የማነው?" ብለን ነው። መንገድ ሥር ያለው የመንግሥት ይመስለን ነበር። በሲያትል ደንብ ከቤት እስከ ዋናው መስመር ያለው ቱቦ፣ በአስፋልቱ ሥር የሚያልፈው ጭምር፣ የባለቤቱ ነው። ከጎረቤት ጋር በአንድ ቱቦ የሚጋሩ ቤቶችም አሉ፤ ኃላፊነቱም የጋራ ይሆናል። ኬንት፣ ሬንተንና ሾርላይን የምትኖሩ የየአካባቢያችሁን የፍሳሽ አገልግሎት ጠይቁ፤ ደንቡ ይለያያል። የቤት ኢንሹራንሳችን ዘንድም ደወልን። እርጅናና የዛፍ ሥር ውላችሁ ውስጥ የለም ተባልን። ለመሬት ውስጥ መስመሮች ተጨማሪ ውል አለ፤ ነገር ግን የሚገዛው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ነው።

ከተማው ቱቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ የየቤቱ ንድፍ አለው፤ በነፃ ይታያል። የእኛ ንድፍ እስከ ዋናው መስመር 92 ጫማ ይላል። ይህን ይዘን የማይቆፍር፣ ካሜራ ብቻ የሚያስገባ ሰው ፈልገን 325 ዶላር ከፈልን። ከዚህ ሁሉ ወጪ የማያስቆጨን እሱ ነው። ፊልሙን ሰጠን፣ በየጫማው ያየውንም ጻፈልን። ግቢያችን ውስጥ ያለው 46 ጫማ የሲሚንቶ ቱቦ በየመጋጠሚያው ሥር ገብቶበታል፣ አንድ ቦታም ተሰንጥቋል። ከዚያ ወዲያ እስከ መንገዱ ያለው ግን ደኅና ነው። በመካከሉ አንድ ጥቁር ነገር አየና "ይህ ምንድነው?" ብሎ ጠየቀን። የጀበናው አተላ ለዘጠኝ ዓመት ወዴት ይወርድ እንደነበር በዚያን ቀን በዓይናችን አየን። ጥፋቱ የሥሩ ነው፤ አተላውና የወጡ ቅቤ ግን እዚያ ሥር ላይ እየተጠራቀመ ይረጋል።

የፍሳሽ ቱቦ እንደ ንጹሕ ውሃው የሚገፋው ኃይል የለውም፤ የሚሄደው በቁልቁለት ብቻ ነው። በመቶ ጫማ ሁለት ጫማ መውረድ አለበት፤ በእኛ 46 ጫማ ላይ ወደ አሥራ አንድ ኢንች ይሆናል። ስለዚህ ሥራው እስከ ጫፉ ቆፍሮ መቀየር ሊሆን ይችላል፤ ወይም በሁለቱ ጫፍ ብቻ ቆፍሮ፣ አሮጌውን እየሰባበሩ አዲሱን ፕላስቲክ በቦታው መጎተት ነው፤ ወይም ሙጫ የጠጣ ጨርቅ አሮጌው ውስጥ አስገብቶ ማድረቅ ነው። የመጨረሻው ስንጥቅና ሥርን ይደፍናል፤ ቱቦው ሰርጎ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ግን አያቀናውም።

እዚህ ላይ ልንደብቀው የማንፈልገው ነገር አለ። ወሬው በመጨረሻ ሲወጣ አንድ ወዳጃችን "ለምን ገንዘብ ትበትናላችሁ? አምስት ጎረምሳ እንጥራና በደቦ እንቆፍረው" አለን። ሐሳቡ አማረን። በራስ ግቢ ውስጥ ባለቤቱ ፈቃድ አውጥቶ መሥራት ይችላልና። ነገር ግን በአጥሩ በኩል ጥልቀቱ ሰባት ጫማ ነው። በጥር 2016 በዚሁ ከተማ ዌስት ሲያትል ውስጥ የአንድ ቤት ፍሳሽ ቱቦ ሲቀይር የነበረ ሠራተኛ ጉድጓዱ ተደርምሶበት ሞቷል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ይመዝናል። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ አራት ጫማና ከዚያ በላይ የጠለቀ ቦይ፣ ግድግዳው ሳይደገፍ ወይም ጎኑ ሳይሰፋ ሠራተኛ አይገባበትም። የሰው ልጅ ለደቦ ጠርተን ያን ጉድጓድ ውስጥ ልናስገባ ነበር። ዛሬም ልጆቹን እዚህ አዳራሽ ስናያቸው ሆዳችንን ያመናል።

ፊልሙን ይዘን ሌሎች ሁለት ተቋራጮች ጠራን። ሁለቱም በስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት መመዝገባቸውን አስቀድመን አረጋገጥን። አንደኛው እስከ ዋናው መስመር 16,400 አለ። ሁለተኛው ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቶ "46 ጫማ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ" አለና የከተማውን ፈቃድ ጨምሮ 9,600 ጻፈ። ሰዎቹ ለተለያየ ሥራ ነው ዋጋ የሰጡት። ርዝመቱ፣ ጥልቀቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስፋልት መቆረጡ ዋጋውን ይለውጠዋል፤ መንገድ ውስጥ ሲገባ ፈቃዱ፣ መኪና የሚያስተላልፈው ሠራተኛና አስፋልቱን መመለስ ሁሉ ይታሰባል።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ከመቆፈሩ በፊት ወደ 811 ተደውሎ የጋዙና የመብራቱ መስመር በቀለም ምልክት ተደረገበት። የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ ሳያይ አፈር አልተመለሰም። ከነታክሱ ወደ 10,580 ዶላር ከፈልን፤ የፊቱን ደረጃ ለማስጠገን ደግሞ 650። ሁለቱ ሽቦና ካሜራው ሲጨመሩ ጠቅላላው 12,300 ያህል ነው። የጎመኑ መደብና ጤና አዳሙ አልተቆጠሩም። አሁን አተላው ከጎመኑ ሥር ነው የሚደፋው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ሃያ ሆነን በወር 500 ዶላር የምንጥለው ዕቁብ አለን። የወሩ ዕጣ የወጣው እዚህ ለተቀመጡ ለአንድ ጋሼ ነበር፤ ጣራቸውን ሊያሠሩበት ነው። ማን እንደነገራቸው አናውቅም፤ ራሳቸው ደውለው "ልጆቼ፣ የእኔ ጣራ እስከ በጋ ይቆየኛል፤ የእናንተ ነገር ግን አይቆይም" አሉን። አሥሩ ሺህ እንዲህ ተገኘ። የቀረውን ያሟላነው በ2023 ክረምት አዲስ አበባ ሄደን እናታችንን ለማየት ለትኬት ካስቀመጥነው ነው። ጉዞው በዓመት ተላለፈ። እናታችን በስልክ "ቱቦ ነው ያስቀራችሁ?" ብለው ሳቁ። እኛ አልሳቅንም። በ2024 ስንሄድ ግን በደኅና አገኘናቸው፤ ተመስገን።

ፊልሙ ስልካችን ላይ አለ። ከምሳ በኋላ፣ አዎ ከምሳ በኋላ፣ ማየት የሚፈልግ ወደ እኛ ጠረጴዛ ይምጣ። የቤቱን አድራሻ ለሚነግረንም በሲያትል ክልል ከሆነ የከተማውን ንድፍ እዚያው አብረን እናወጣለን። ጋሼ፣ የእርስዎን አስቀድመን አይተነዋል፤ ከጎረቤትዎ ጋር የተጋሩት ነው፤ ሳይሄዱ እንነጋገርበት።