ኦቶሞቢል ወደ አንድ ወገን ስለሚጎትትበት ምክንያትና ስለ አመራመሩ ለመምህራንና ለሽማግሎች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ለጆሮ ሲሰሙት የመካኒክ ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ይኸውም ኦቶሞቢል በቀጥተኛ መንገድ ሲሄድ ነጂው ሳያዞረው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚጎትተው ስለ ምን ነው፥ ምክንያቱስ በምን ይታወቃል የሚል ነው። ነገር ግን የሰው ሕይወት ያለበት ስለ ሆነ፥ ደግሞም የነገርን ሥር በሥርዓት መመርመርን የሚያስተምር ስለ ሆነ፥ በትምህርት ቤት ሊነገር የተገባ ነው።

የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከተማ አስቀድሞ በላዩ ነበረ፤ በ1879 ዓ.ም. ግን ወደ ፍል ውሃ ወርዶ አዲስ አበባ ተባለ። በዚያ ዘመን በቁልቁለቱ የሚወርደው እግረኛና በቅሎ ነበረ፤ በቅሎም ገደሉን በገዛ ዓይኗ አይታ ትሸሻለች። እንግሊዛዊው ቤንትሌ ሲድሌ የተባለውን ኦቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከመገናኛ በኮተቤ ወደ ካራ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንም ሽቅብ ወደ ባሕር ዛፉ የሚወጣውና የሚወርደው ሚኒባስና የጭነት መኪና ብዙ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህም ወደ ተራራው የሚወጣው እንግዳ በዝቷል። ኦቶሞቢል እንደ በቅሎ ዓይን የለውምና ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነ በቁልቁለቱ ላይ ከሁለት ክፉ ነገር አንዱ ያገኘዋል፤ በአንድ ወገን ገደሉ አለ፥ በአንድ ወገን ደግሞ ከፊት የሚመጣው ተሽከርካሪና በዳር የሚሄደው እግረኛ።

የዚህ በሽታ ክፋቱ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። ዛሬ ጥቂት ይጎትታል፥ ነጂውም መሪውን ጥቂት ይመልሰዋል፤ ነገም ትንሽ ይጨምርበታል። በወሩ ክንዱ ይለምደውና ኦቶሞቢሉ ደኅና ይመስለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፥ እዚህ በሽታውን የሚደብቀው የነጂው እጅ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። ገበሬ ከጥማዱ አንዱ በሬ ሲደክም የሚሆነውን ያውቃል፤ ብርቱው ቀድሞ ይወጣና ቀንበሩ ወደ ደካማው ወገን ይዞራል። የኦቶሞቢል ጎማም እንዲሁ ነው። የአንዱ የፊት ጎማ ነፋስ ቢጎድል ጎማው ይተኛል፥ መንከባለሉም ይከብደዋል፤ ስለዚህ ኦቶሞቢሉ ወደ ታመመው ጎማ ይሄዳል። በፍሬን ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፍሬን የሚይዝ እንጂ የሚያስኬድ አይደለምና፥ የግራው ፍሬን ሸራ ዘይት ነክቶት ቢያንሸራትት የግራው ወገን ሳይያዝ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጤነኛው ቀኝ ግን አጥብቆ ይይዛል። ኦቶሞቢሉም ወደ ቀኝ ይጎትታል። እነሆ፥ ጥፋቱ በግራ ሳለ መንገዱ ወደ ቀኝ ሆነ። ስለዚህ ያዘነበለበት ወገን ሁሉ የታመመበት ወገን አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው ጤነኛውን ፈትቶ ገንዘቡን ያጠፋል፥ የታመመውንም እንዳለ ይተወዋል።

እንግዲህ ቁልፍ ከማንሳት በፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። መቼ ይጎትታል? ሁልጊዜ ነው፥ ወይስ ፍሬን ሲያዝ፥ ወይስ ጭነት ሲጫን? ወደየትኛው ወገን? ከመቼስ ጀምሮ? ጎማ ከተለወጠ ወዲህ ከሆነ ጎማውን፥ ከጉድጓድ ጋር ከተጋጨ ወዲህ ከሆነ የመሪውንና የፊት እግሩን ብረት፥ ፍሬን ከተሠራ ወዲህ ከሆነ ፍሬኑን መጠርጠር ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱን ራሱን መመርመር ይገባል። መንገድ ሲሠራ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ መካከሉ ከፍ፥ ዳርና ዳሩ ዝቅ ይደረጋል። በ1956 ዓ.ም. በአገራችን የግራው ጉዞ ቀርቶ የቀኙ ጉዞ ስለ ተደነገገ፥ ዛሬ ደኅና ኦቶሞቢል እንኳ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ዳር ቢያዘነብል የመንገዱ ጠባይ ነው። ፈተናው በተራራው ጠመዝማዛ ላይ ሳይሆን፥ ሰውና ከብት በሌለበት በተስተካከለ ሜዳ በዝግታ ይደረግ፤ ነጂውም መሪውን ያላላው እንጂ ፈጽሞ አይልቀቀው።

ምርመራው ከቀላሉና ከርካሹ ይጀምር። በመጀመሪያ የጎማው ነፋስ ይለካ። ጎማ ሲሄድ ስለሚሞቅና ነፋሱም ስለሚበረታ፥ የሚለካው ጧት ከጉዞ በፊት ነው። ልኩ ብዙ ጊዜ በነጂው በር አጠገብ ተጽፎ ይገኛል፤ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ግን ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነውና አያሳስት።

ሁለተኛ፥ ነፋሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ቢጎትት፥ የፊት ቀኙ ጎማ ወደ ግራ፥ ግራው ወደ ቀኝ ይለዋወጥ፤ መዞሪያው በቀስት የተመለከተበት ጎማ ግን አይለዋወጥም። ከተለዋወጠ በኋላ የሚጎትትበት ወገን አብሮ ከተለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልተለወጠ ጎማው ነጻ ወጣ፥ ምርመራውም ወደ ሌላው ይለፍ። በዚህ ፈተና አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢድን እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ሦስተኛ፥ ፍሬን ሳያበዙ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆሞ እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መካከል ማቅረብ ነው። አንዱ ከሌላው ይልቅ እጅግ የሚግል ከሆነ በዚያ ወገን ፍሬኑ ተጣብቋል፥ ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷል። የተጣበቀ ፍሬን ወደ ራሱ ወገን ሲጎትት፥ የሰነፈ ፍሬን ወደ ተቃራኒው ያስኬዳል።

አራተኛ፥ ኦቶሞቢሉን በተስተካከለ ቦታ አቁሞ ከመሬት እስከ አካሉ ያለውን ከፍታ በግራና በቀኝ መለካት ነው። አንዱ ወገን ዝቅ ቢል ባሌስትራው ተሰብሯል ወይም ሞላው ደክሟል፤ ጭነቱም ወደ አንድ ወገን አለመከመሩ ይታይ።

አምስተኛ፥ ጎማው በክሪክ ከመሬት ተነሥቶ ላይና ታቹ፥ ግራና ቀኙ ይነቅነቅ፤ የሚላላ መጋጠሚያ ካለ ይታወቃል። ይህ ሲደረግ በመሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፥ ማንም ሰው በክሪክ ብቻ ከቆመ ኦቶሞቢል ሥር አይግባ።

የጎማዎቹን አቋቋም በመሣሪያ ማስተካከል የመጨረሻው ነው፤ የላላ መጋጠሚያ ሳይጠብቅ የተስተካከለ ጎማ ተመልሶ ይጣመማልና። መሣሪያው ሦስት ነገር ይለካል። አንደኛው የሁለቱ የፊት ጎማዎች ግንባር መቀራረብ ወይም መራራቅ ነው፤ ይህ ሲበላሽ የጎማውን ጥርስ ይልጣል፥ መሪውንም ጠማማ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ አይጎትትም። ሁለተኛው የጎማው ራስ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበል ነው፤ ኦቶሞቢሉ ራሱን ወደ ውጭ አብልጦ ወዳዘነበለው ጎማ ወገን ይሄዳል። ሦስተኛው ጎማው ለመታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ራሱ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ ነው፤ በአንዱ ወገን ካነሰ ኦቶሞቢሉ ወዳነሰው ወገን ይጎትታል።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ለልጆች ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጆሮ የሌለው የቡና ሲኒ በጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ ግፉት፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም፥ ወደ ጠባቡ ወገን እየዞረ ይከባል። ልጆችም ቸርኬ ሲነዱ ቸርኬው ወዳዘነበለበት እንደሚታጠፍ ያውቃሉ። ያዘነበለ ጎማ ወደ ወገኑ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆቹ ራሳቸው ይሞክሩት፤ አስቀድመው ወዴት እንደሚዞር ይናገሩ፥ ከዚያም ገፍተው ይዩ።

ሽማግሎች ሆይ፥ እናንተ በዕርቅ ተቀምጣችሁ ሁለቱን ወገን ሳትሰሙ አትፈርዱም፤ ብዙ የጮኸው ሁሉ የተበደለ፥ ዝም ያለውም ሁሉ በዳይ እንዳልሆነ ታውቃላችሁና። በኦቶሞቢልም ሁለቱን ወገን መርምሩ በሉ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሚኒባስ የሚነዳላችሁ ብትኖሩ፥ «መሪው ወዴት ይጎትትሃል? ከመቼ ጀምሮ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ጥቂት ነው፥ ለምጄዋለሁ» ብሎ ቢመልስ፥ ከቁልቁለቱ በፊት ወደ ጎሚስታ እንዲሄድና ነፋሱን እንዲያስለካ እዘዙት። የጧት ልኬት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በዚያ ኦቶሞቢል የሚወርደው ግን የብዙ ቤት ሰው ነው።